«ሳልለካ አልቆርጥም»፦ የአንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ ውሳኔ

ለምን ጻፍኩት

ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ነው። የካንሰር መድኃኒት በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሥራዬ አይደለም፤ ስለ አክስቴ ነው።

ከማውጣቴ በፊት አንብቤላታለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም፤ የሆስፒታሎቹንም ጭምር። ፈቃዷን የሰጠችኝ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። «ጸበሉንም ጻፊው። አፍረሽበት እንዳትዘይው» አለችኝ። እሺ ብያለሁ።

ሕክምናው ራሱ የተለመደ ነበር፤ በየሳምንቱ የማየው ዓይነት። መመዝገብ ያለበት የመሰለኝ፣ ውሳኔው ከባለቤቱ እጅ እንዴት እንደወጣና እንዴት እንደተመለሰ ነው። ከወሰዱባት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ።

ታካሚዋ

ያኔ 47 ዓመቷ ነበር። ደሴ ትኖራለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሦስት የስፌት መኪናና ሁለት ሠራተኞች አሏት። ዋናው ገቢዋ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ሌሊቱንም ትሰፋለች። በእነዚያ ሁለት ወራት ያገኘችውን ነው ዓመቱን ሙሉ የምታብቃቃው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ትንሹ ልጇ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቀኝ ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳበሰች። አላመማትም። ስላላመማት «ዩኒፎርሙ ይለፍ» ብላ ተወችው። ጥቅምት 2016 ላይ ሐኪም ቤት ሄደች። አልትራሳውንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እብጠት አሳየ። ብብቷ ላይ ያበጠ ዕጢ አልታየም። የመርፌ ናሙና ተወስዶ ውጤቱን በሳምንቱ እንድትወስድ ተነገራት።

ችግሩ

ውጤቱን የወሰደው ታላቅ ወንድሟ ነው። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ አመጣዋለሁ» አላት። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። እንግሊዝኛ ስለሆነ እንዳነብለት ነው። አነበብኩት። ካንሰር ነው።

በዚያ ምሽት በስልክ ተሰበሰብን። አጎቴ ከደሴ፣ እናቴና እኔ ከአዲስ አበባ፣ ታናሽ እህታቸው ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። አክስቴ እንዳትሰማ የሚለው ላይ ማንም አልተከራከረም። አጎቴ «ሰውን የሚገድለው ስሙ ነው» አለ። እኔም ዝም አልኩ። በሙያዬ ልናገር የሚገባኝ ሰዓት ያ ነበር።

«ጠንከር ያለ እጢ ነው፣ አዲስ አበባ ቢወጣ ይሻላል» ተባለች። ኅዳር ላይ መጣች። ደሴና አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። መንገዱ አንዳንድ ሳምንት የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር መምጣቱ ራሱ ቀላል አልነበረም።

መጀመሪያ ያያት ሐኪም ጋ ወረቀቱን ይዞ የገባው አጎቴ ነው። እሷ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ያህል አስገብተው መረመሯትና አስወጧት። ሐኪሙ ለሁለት ተማሪዎች በእንግሊዝኛ አስረዳ። የቀዶ ሕክምናው የስምምነት ፎርም የተሰጠው ለአጎቴ ነው፤ እሱም ፈረመ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሐኪሙ ከኋላው የቆመ ረጅም ሰልፍ ነበረው። ቤተሰቡ ቆራጥ ነበር፤ ታካሚዋም ጥያቄ አልጠየቀችም። እንዴት ትጠይቅ?

ወሬው የፈነዳው በቀጣዩ ቀጠሮ ነው። ተራዋን ስትጠብቅ አጠገቧ የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ሴት ጨዋታ ጀመረች።

«አንቺስ ስንተኛሽ ነው?»

«ምኑ?»

«ኬሞው ነዋ።»

አክስቴ ቤት እስክትደርስ ምንም አላለችም። ማታ እናቴ ቡና ስታፈላ «ካንሰር ነው አይደል?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰም። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትዋሹኝ ፊታችሁ እንኳ አልተለወጠም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሌላው ይሁን። አንቺ ግን ሥራሽ ነው።»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በአራተኛው ቀን «ወረቀቱን አምጪና በአማርኛ አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። በማስታወሻ ደብተር ላይም በአማርኛ ጻፍኩት። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ገዛ አካሏ ከተጻፈው ሁሉ ልታነበው የምትችለው ስሟንና ዕድሜዋን ብቻ ነበር። አገራችን ውስጥ የሕክምና ካርድም የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤትም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በየቀኑ ስለማየው ነው መሰለኝ አስቤው አላውቅም።

ቀጥለን ሌላ የቀዶ ሐኪም ፈለግን። የሥራ ባልደረባዬ አገናኘችን። ሐኪሙ ብልህ ነገር አደረገ፤ የቀኑ የመጨረሻ ታካሚ አድርጎ ቀጠራት። ግማሽ ሰዓት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ወጣት ነው፤ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ይችላል።

አጎቴ ወረቀቱን ሊሰጠው እጁን ሲዘረጋ ሐኪሙ አክስቴን ተመለከተ። «ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ተነገረዎት?» ነገረችው። «ዝርዝሩን ሁሉ ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ዋና ዋናውን?» አላት። ትንሽ አሰበች። «ዋናውን ይንገሩኝ፣ ዶክተር። ከመቶ ስንት ሰው ይሞታል የሚለውን ግን አይንገሩኝ።» «እሺ» አለና እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም የሞት ቁጥር አልጠራም።

ይህን ያነሳሁት ታካሚን በውሳኔ ማሳተፍ ሁሉንም ነገር ማውረድ የሚመስላቸው ስላሉ ነው። ምን ያህል መስማት እንደምትፈልግ የወሰነችውም እሷ ናት።

ከዚያ ነጭ ወረቀት አወጣና መሃሉን በመስመር ከፈለው። በአንድ በኩል ሙሉ ጡቱን ማውጣት። በሌላው በኩል እብጠቱን ከዙሪያው ጤነኛ ሥጋ ጋር ብቻ አውጥቶ የቀረውን በጨረር ማከም። ሁለቱም ላይ የብብት ዕጢዎች ይወጣሉ። ሁለቱም ላይ ኬሞ ሊከተል ይችላል። «ዕድሜን በተመለከተ ሁለቱ እኩል ናቸው» አላት።

ይህ ነገር ለዘመናት አከራካሪ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ1,800 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ። የ20 ዓመት ክትትሉ ደግሞ በ2002 ታተመ። ሙሉ ጡታቸው የወጣላቸውና እብጠቱ ብቻ የወጣላቸው ሴቶች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው አልተለያየም። እብጠቱ ብቻ ከወጣላቸው መካከል ጨረር ባልወሰዱት ላይ ግን በሽታው ያው ጡት ላይ የተመለሰው 39 በመቶ ገደማ ነው። በወሰዱት ላይ 14 በመቶ ገደማ። እንግዲህ ጡትን ለማትረፍ የመረጠች ሴት ጨረርንም መርጣለች ማለት ነው። ጨረር ደግሞ እኛ አገር ለረጅም ጊዜ ጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ነበር። በኋላ እንደ ጅማ ያሉ ማእከላት ተጨመሩ እንጂ ወረፋው አሁንም ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ የጻፈው እነዚህን ነው፦ የቀዶ ሕክምናው መጠን፣ ጨረርና ወረፋው፣ አዲስ አበባ መቀመጥ የሚጠይቀው ጊዜ፣ በሽታው ቦታው ላይ የመመለስ ዕድል። ገንዘብ አልጻፈም። «ስንት ያስወጣል?» ብላ የጠየቀችው እሷው ናት። አጎቴ «እሱን ለእኛ ተዪው» ሲላት «የስፌት መኪናዬን ሸጣችሁ ልትከፍሉ ነው?» አለችው። ዝም አለ። ለካ አስቦት ኖሯል።

ቀጥሎ ሐኪሙ ማናችንም ያልጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቀ። «ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«በየትኛው እጅዎ ነው የሚቆርጡት?»

«በቀኙ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። የብብት ዕጢዎች ከወጡ በኋላ በዚያ በኩል ያለው እጅ ሊያብጥ እንደሚችል፣ ከባድ ጨርቅ ማንሳት እንደሚያስቸግር፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሠራ የእጅ እንቅስቃሴ እንዳለ ነገራት። ከኬሞ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ፓክሊታክሴል፣ ጣት ሊያደነዝዝ እንደሚችልም ጨመረ። «መርፌና ክር ሲያስቸግርዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይንገሩን።» ይህን መድኃኒት እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አዘጋጅቻለሁ። አክስቴ ልብስ ሰፊ መሆኗንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ «ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?» አላት። ጸበል እንደምትፈልግ ነገረችው፤ እንጦጦ፣ ሰባት ቀን። አጎቴ አቀረቀረ። ሐኪሙ ሰባት ቀን ምንም እንደማይለውጥ ነገራት፤ ለቀዶ ሕክምናው ተራም ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበረባት። ኬሞ ከተጀመረ በኋላ ግን ሰውነት ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙ ስለሚወርድ፣ ያን ጊዜ ብርድና ያልተጣራ ውሃ እንደሚያሰጋ አስረዳት። «ስለዚህ አሁን ይሂዱ» አላት። አክስቴ ይህን ሐኪም ያመነችው በዚህች ደቂቃ ነው። ሌላውን ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሰማችው።

ውሳኔዋ

ወረቀቱን ይዛ እንጦጦ ሄደች። ሰባቱን ቀን ጨርሳ ስትመለስ ወስና ነበር። ሙሉ ጡቱ ይውጣ።

ከሜሪላንድ ጩኸት ተነሳ። «እዚህ እኮ ጡት አያወጡም!» ትላለች ታናሽ እህቷ። ትክክል አይደለም፤ እዚያም ብዙ ሴቶች ሙሉውን ያስወጣሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አላለኝም። ገና 47 ዓመቷ ነው፣ ጡቷ ሊተርፍ ይችላል ብዬ ነበር። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግንና ራሷ አስረዳቻት። ጨረሩን ወራት መጠበቅ አትፈልግም። ሳይዘጋ በተገኘ መንገድ ሁሉ መመላለስም አትፈልግም። ነሐሴ ላይ መኪናዋ ላይ መቀመጥ ትፈልጋለች። «ጡቴን አልጠላሁትም። ግን ልጆቼን ያሳደግኩት በእጄ ነው» አለች።

ሐኪሙ ፎርሙን ሲሰጣት መነጽሯን አውጥታ ቀስ ብላ አነበበች። ይሄኛው በአማርኛ ነበር። አንድ ቃል ጠየቀችው። «ይቅርታ ካቆየሁዎት። እኔም ደንበኛዬን ሳልለካ አልቆርጥም» ብላ ፈረመች።

ምን ሠራ

ቀዶ ሕክምናው ታኅሣሥ ላይ በሰላም ተጠናቀቀ። በሽታው ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሆርሞኑን የሚያግደው ክኒን፣ ታሞክሲፊን፣ ይሠራል ማለት ነው። ኬሞው በየሦስት ሳምንቱ ነበር። መጀመሪያ አራት ዙር ታካሚዎች «ቀዩ» የሚሉትን መድኃኒት ወሰደች። ቀጥሎ ፓክሊታክሴል።

በፓክሊታክሴሉ ሁለተኛ ዙር ደወለች። «ክር መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።» ኦንኮሎጂስቱ (የካንሰር ሐኪሙ) የቀሩትን ሁለት ዙሮች መጠን ቀነሰላት። ሥራዋን ማንም ባይጠይቃት ኖሮ የምትደውል አይመስለኝም። በዚያው ክፍል ጣታቸው ደንዝዞ «ኬሞ ነው፣ ምን ይደረግ» ብለው ዝም ያሉ ሴቶች ነበሩ። ስንት እንደሆኑ የቆጠረ ሰው አላየሁም።

የእጅ እንቅስቃሴውንም አልተወችም። በራሷ ሜትር የሁለቱን እጆቿን ዙሪያ በየሳምንቱ እየለካች ትመዘግባለች። ይህን ያዘዛት የለም።

ምን አልሠራም

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ነው።

በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐኪሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ነበር። ሙሉ ጡቱ ቢወጣም እንኳ ብብት ውስጥ በሽታው ከተገኘ ጨረር ሊያስፈልግ ይችላል ብሏል። አክስቴ ያን ጊዜ ወረቀቱን እያየች ነበር፤ አልሰማችውም። ማታ በደብተሩ ላይ በአማርኛ ስጽፍላት ይህን ዘለልኩት። ረስቼው አይደለም። አልትራሳውንዱ ብብቷ ንጹሕ ነው ስላለ «ምን አስጨነቃት» ብዬ ነው። ጨረርን ሽሽት በወሰነችው ውሳኔ ላይ ዋናዋን ነጥብ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ።

ከወጡት 14 የብብት ዕጢዎች ሁለቱ ላይ በሽታው ተገኘ። ጨረር ይመከራል ተባለ። አክስቴ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ እኔ ዞረች። «ይህን ታውቂ ነበር?» አዎ አልኳት። «እንግዲህ ሁለተኛሽ ነው» አለች። ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ይሄኛው ነው የከበዳት። የመጀመሪያውን ሁላችንም ተያይዘን ነው የዋሸነው። ሁለተኛውን ግን ብቻዬን፣ ያውም «ተሳትፎ» እያልኩ።

ሐኪሙ እንደገና አስቀመጣት። በሽታው የተገኘበት ዕጢ ከአንድ እስከ ሦስት ሲሆን ጨረሩ በሽታው ደረት ላይ የመመለስ ዕድሉን እንደሚቀንስ፣ ጥቅሙ ግን አራትና ከዚያ በላይ ሲሆን ያለውን ያህል ጎልቶ እንደማይታይ ነገራት። ሙሉ ጡቷ ባይወጣ ኖሮስ ብላ ጠየቀች። ያኔም ጨረር ነበር፤ ጡቷ ግን ይተርፍ ነበር። እንዲህ ብሎ በግልጽ መለሰላት። ሳይሸፋፍን በመመለሱ አደንቀዋለሁ። እኔ ብሆን እሸፋፍነው ነበር።

ጨረሩን መረጠች። ስሟ ወዲያው ወረፋ ላይ ስለተመዘገበ ኬሞው ሲያልቅ ተራዋ ቀረበ። ሐምሌ መጨረሻ ጀምራ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጨረሰች። የዚያን ዓመት ዩኒፎርም ሁለቱ ሠራተኞቿ ናቸው የሰፉት፤ ያልደረሱበትን ትዕዛዝ ጎረቤት ሰፊ ወሰደው። አንድ ትምህርት ቤት ደንበኝነቱን በዚያው አቆመ።

ሌላም ያልሠራ ነገር አለ። በተኛችበት ክፍል የጠዋት ዙር ላይ ሐኪሞችና ተማሪዎች አልጋዋን ከብበው በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ከርመዋል። ያን ጥሩ ሐኪም ጨምሮ። አንድ ቀን «ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ ጎረቤቴ?» ብላ ጠይቃ አሳቀቻቸው። ሳቁና በእንግሊዝኛ ቀጠሉ።

ለሌላው የሚሆነው

ለሐኪም፦ ከመናገር በፊት መጠየቅ። «ምን ተነገረዎት? ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ደቂቃ አልፈጁም። በሥራ ላይ የቆየው መጥፎ ዜና የመንገሪያ ሥርዓትም ዜናው ከመነገሩ በፊት እነዚህን መጠየቅን ያካትታል። ሥራን መጠየቅም እንደዚያው። የልብስ ሰፊ ጣት፣ የሹፌር እግር፣ የመምህር ድምፅ፤ የትኛው ጉዳት ለማን እንደሚከብድ ከመዝገብ ላይ አይነበብም።

ፎርሙ ላይ መፈረም ያለባት ታካሚዋ ናት። ራሷን የምታውቅ አዋቂ እስከሆነች ድረስ የወንድም ፊርማ አይተካትም። የአገራችን የጤና ሕግም ሕክምና በታካሚው ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ነው የሚጠይቀው። ይህን ማወቅ ለቤተሰብም ይጠቅማል። «ሐኪሙ ለእሷ መንገር ግድ ይለዋል» ማለት ከክርክሩ ብዙውን ያቀልላል።

ለአስታማሚ የምለው ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ትልቁ ስሕተት እዚያ ነው የተሠራው። እኛ አገር ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ ማታ ቤት ውስጥ እንደገና የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። ነርስ የሆነች እህት፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ፣ እንደ እኔ ያለ ፋርማሲስት። ያ ሰው የፈለገውን ይዘልላል፤ የሚቆጣጠረውም የለም። አሁን ዘመድ ይዞ ፋርማሲያችን የሚመጣ ሰው ሲጠይቀኝ ሐኪሙን አስፈቅዶ በስልኩ ድምፅ እንዲቀዳ እነግረዋለሁ። ታካሚው ቤቱ ሆኖ ራሱ ይስማው። ወረቀቱም ከአስታማሚ ቦርሳ ወጥቶ በታካሚው እጅ ይሁን።

መሸሸግ ላይ ደግሞ፦ አጎቴን አልፈርድበትም። «ከሰማች ትሞታለች» ያለው ከልቡ ነው። ግን ሰማች፣ ሦስት ቀን ዝም አለች፣ በአራተኛው ወረቀት አምጡ አለች። የምንፈራው ያ ውድቀት አልመጣም። ለሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል አልልም። አንዳንዱ ታካሚ ቤተሰቤ ይወስንልኝ ይላል። ያም ቢሆን ራሱ ተጠይቆ ይበለው።

አሁን

ደሴ ናት። ታሞክሲፊኗን በቀን አንድ ጊዜ ትወስዳለች፤ ቢያንስ አምስት ዓመት። ጾም ሲገባ አቁማው ነበር። ክኒኑን በማንኛውም ሰዓት መዋጥ እንደሚቻል ስትሰማ ማታ ላይ አደረገችው። ሁለት የጣቶቿ ጫፎች ገና አልተመለሱም። ክር የምታስገባላት ከሠራተኞቿ ትንሿ ናት።

በመስመር የተከፈለው ወረቀት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከሥሩ የደንበኞች ልኬት የምትጽፍበት ደብተር አለ፤ የመጨረሻዎቹን ገጾች ለሐኪም ጥያቄ አድርጋቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ለሚመጣው ቀጠሮ ሦስት ጥያቄ ጽፋለች። ሁለቱን አሳየችኝ። ሦስተኛውን በእጇ ሸፈነችው።